38 ሊትር ባሕር

ሚኒሶታ ከባሕር የራቀ አገር ነው። ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ቢነዳ ጨዋማ ውሃ ለማየት ከአንድ ቀን ያላነሰ መንገድ ይጠይቃል። ሐይቅማ ሞልቷል፤ የመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ብለው ጽፈውታል። ባሕር ግን የለም። እኛ ደግሞ የመጣነው ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ከሌለው አገር ነው። ስለዚህ መኝታ ክፍሌ ጥግ ላይ የኮራል አኳሪየም እንዳለኝ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አንቺን ከባሕር ጋር ምን አገናኘሽ?» ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ፈጀብሽ?» ነው። ሁለተኛው ይቀላልና ከእሱ ልጀምር።

መስታወቱ 10 ጋሎን፣ ማለትም 38 ሊትር ይይዛል። ርዝመቱ የረከቦት ያህል ነው። መስታወት፣ ማሞቂያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ መብራት፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ጨውና መለኪያዎች ተደምረው ወደ 340 ዶላር ወጣብኝ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ የመብራቱ ነው፤ እሱንም ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቴክሳስ ከሄደ ልጅ ያገለገለ ገዝቼ ነው። ኮራል የሚኖረው በብርሃን ስለሆነ መብራት ላይ መቆጠብ አያዋጣም፤ መስታወቱ ላይ ግን እንደፈለጋችሁ ቆጥቡ። ሁሉም ነገር ሲገባበት ክብደቱ ግማሽ ኩንታል ይሆናል። ስለዚህ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ የኪራይ ውላችሁንም ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት፤ አንዳንዱ አከራይ ስለ አኳሪየም መጠን የጻፈው ነገር አለ።

«ለጀማሪ ትንሽ ይሻላል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። በገንዘብ በኩል አዎ። በሥራ በኩል ግን ተቃራኒው ነው። በብዙ ውሃ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሳስቶ ይጠፋል፤ በ38 ሊትር ውስጥ ሁሉም ነገር ይቆጠራል። አንዲት ቀንድ አውጣ ድንጋይ ሥር ሞታ ብትውል በማግስቱ ውሃው ላይ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ የሚቆጠረው ደግሞ ትነት ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። አሸዋውና ድንጋዩ ቦታ ስለሚይዙ ውስጡ ያለው ውሃ 30 ሊትር ገደማ ነው። በብርዱ ወራት ቤቱ በማሞቂያ ሲደርቅ ከእኔ አኳሪየም በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይተናል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው የነበረው ውሃ 7 ቀን ሳይጨመርበት ቢቆይ 3 ሊትር ተኩል ያጣና ጨዉ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። የዓለም ውቅያኖሶች አማካይ 35 ነው። ቀይ ባሕር በባብ ኤል መንደብ በኩል 37 ገደማ ይሆንና ወደ ሰሜን እየዘለቀ ሲሄድ 40ን ያልፋል፤ ይህ ነው የሚባል ወንዝ አይገባበትም፣ ዝናቡም እምብዛም ነው፣ ፀሐዩ ግን አያርፍም። የአንድ ሳምንት ቸልታ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ስዊዝ ያሻግራችኋል ማለት ነው። የቀይ ባሕር ኮራል ያንን ጨው የለመደው ከትውልድ ትውልድ ነው። የእኔና የእናንተ በሳምንት ውስጥ አይለምደውም።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ግማሹ በየቀኑ የተነነውን ያህል ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ መመለስ ነው። አደራ፣ ጨው የሌለበት። «የባሕር ውሃ ነው» ብሎ ጨዋማ ውሃ የሚጨምር ሰው በየቀኑ ጨው ላይ ጨው እየጨመረ ነው። መስታወቱ ላይ በፕላስተር አንድ መስመር ታደርጋላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃውን እስከ መስመሩ ትመልሳላችሁ። ይኸው ነው። ሰው የሚሰለቸውም ይኸው ነው።

ይህን ሒሳብ በሠራሁ ቁጥር የሚመጣብኝ አፋር ነው። ደናክል፣ አሳሌ ሐይቅ አካባቢ ያለው የጨው ሜዳ፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። በአንድ ዘመን ያ ሁሉ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ከ100 ሺህ ዓመታት በፊት ባሕሩ እዚያ ገብቶ ነበር፤ በኋላ መሬቱ ከፍ አለና መግቢያው ተዘጋ። የተዘጋ ባሕር፣ ሐሩር ፀሐይ፣ የሚጨምርበት የለም። አዋሽ እንኳ ወደዚያ አይደርስም፤ ደቡብ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ውሃው ተነነ፤ ጨዉ ቀረ። ባሕሩ በየዘመኑ እየገባና እየደረቀ ያስቀመጠው ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአፋር ሰዎች በመጥረቢያና በእንጨት እየፈለጡ በግመል ወደ በራህሌና ወደ መቀሌ ሲያወጡት የኖሩት፣ አያቶቻችንም አሞሌ ብለው እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ጨው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ኮራሉም እዚያው መኖሩን ነው። በሜዳው ዳርና ዳር፣ ባሕሩ ይደርስበት በነበረው ከፍታ ላይ፣ ድንጋይ የሆነ የኮራል ሪፍ ተሰልፎ ይታያል። ወደብ የሌላት አገራችን የራሷ ኮራል አላት፤ ውሃ የሚጨምርለት ጠፍቶ የደረቀ ነው እንጂ። «ከባሕር ጋር ምን አገናኘሽ» ለሚለኝ ሰው ለጊዜው የምመልሰው ይህን ነው።

ወደ ሚኒያፖሊስ ልመለስ። እዚህ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከሚሲሲፒ ወንዝ ነው፤ ሴንት ፖልም አብዛኛውን ከዚያው ወንዝ ወስዳ በሐይቆች በኩል አሳልፋ ታመጣዋለች። ለመጠጥ ጥሩ ውሃ ነው። ለኮራል ግን አይሆንም። ሁለቱም ከተሞች ውሃውን የሚያክሙት በክሎራሚን ነው። ተራ ክሎሪን ቢሆን ባልዲ ውስጥ አሳድሮ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ክሎራሚን ግን ቢያድርም አይለቅም። ስለዚህ የሚያስፈልገው በወንፊትና በማጣሪያ አልፎ ምንም ያልቀረበት ውሃ ነው። ማጣሪያውን ገዝቶ ቤት መትከል ይቻላል፤ እኔ የምቀዳው ግን የባሕር ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ በጋሎን ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ ያደግሁ ልጅ አሜሪካ መጥቼም በጀሪካን ውሃ እቀዳለሁ። ግሪን ላይን ባቡር ውስጥ 20 ሊትር ጀሪካን እግሬ ሥር አስቀምጬ ስሄድ ከአገር ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ከተጋጨን ሁለታችንም እንስቃለን። እነሱ ጠላ የምጠምቅ ይመስላቸዋል።

ጨዉ የሚመጣው በባልዲ ነው። ለዚህ መጠን ከአንድ ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው የሚያስፈልገው፤ ግን የወጥ ጨው አይሆንም። የባሕር ውሃ ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌላም ብዙ ነገር ስላለ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው መሆን አለበት። በሌላ ባልዲ ውስጥ ከውሃው ጋር ፓምፕ እያማሰለው ያድራል፤ እንስሳት ባሉበት መስታወት ውስጥ ጨው በቀጥታ አይበተንም። ልኩ ሲለካ 1.025 ወይም 1.026 ላይ መቆም አለበት፤ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ።

ቀጥሎ ያለውን ነገር የእኛ ሰው ከማንም ይልቅ በቀላሉ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ እርሾ ነው። ውሃውንና ድንጋዩን አዘጋጅቶ በማግስቱ ዓሣ መክተት አይቻልም። ከምግብና ከእንስሳት እዳሪ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። እሱን ወደ ናይትራይት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ያንን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ሌሎች አሉ። እነዚህ ሁሉ ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ውስጥ ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ በየሁለት ቀኑ እየለካችሁ ትጠብቃላችሁ። አሞኒያው ይወጣል ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ሲያድሩ ሊጡ ቦክቷል ማለት ነው።

እርሾ ከጎረቤት መዋስም ይቻላል። ከቆየ አኳሪየም አንድ ድንጋይ ወይም አንድ እፍኝ የማጣሪያ ሸክላ ካገኛችሁ ባክቴሪያው አብሮ ይመጣል። እኔ እንዲህ ስላገኘሁ በሦስት ሳምንት ተኩል ለቀቀልኝ። ከዚያ በኋላ አሸዋው ቡናማ ሆኖ አቧራ የለበሰ ይመስላል፤ ይህን ሲያዩ ብዙ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ሁሉንም ይሸጡታል። መሸጥ አያስፈልግም። አዲስ ድንጋይና አሸዋ ላይ የሚበቅል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ የሚመገበውን ሲጨርስ በራሱ ይጠፋል፤ ቀንድ አውጣዎችም ያግዛሉ።

እንግዲህ እንስሳት። ቤቴ የሚመጡ ሕፃናት ሁሉ «ኒሞ የት አለ?» ይላሉ። የ2003ቱ ፊልም ይህን ዕዳ ትቶብን ሄዷል። ኒሞ የለኝም። ያለችኝ ሎሚ የመሰለች፣ 3 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ቢጫ ጎቢ ናት፤ ሁለት ቀንድ አውጣዎችና ቤቱን በጀርባው የሚሸከም አንድ ሸርጣንም አሉ። ለ38 ሊትር ይኸው ይበቃል ብዬ ነው። ቀይ ባሕር የራሱ ኒሞ አለው፤ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ነው። ግን እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ጠበኛም ነው፤ ለረከቦት የሚሆን ዓሣ አይደለም። ይህን ዓሣ በ1830 በሳይንስ ስሙ የመዘገበው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ነው። ሰውየውን ታውቁታላችሁ፣ ቢያንስ ሥራውን። ከምጽዋ ተነስቶ በሰሜን ተራሮች በኩል ጎንደር ድረስ ዘልቆ፣ የጭላዳን፣ የዋልያንና የቀይ ቀበሮን የሳይንስ ስም ያወጣው እሱ ነው። ደጋ ላይ ጭላዳ፣ ባሕር ውስጥ ኒሞ፤ በአንድ ሰው ብዕር።

ከኮራሎች እንጉዳይ የሚመስለውንና ዞአንቲድ የሚባለውን ነው መጀመሪያ ያስገባሁት፤ ሁለቱም ለጀማሪ ይታገሳሉ። ስለ ዞአንቲድ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ አንዳንዱ ዝርያ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለው። ስትነኩት ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ድንጋዩን «ላጽዳው» ብላችሁ በፍጹም አታፍሉት፤ እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል።

የእኔ ተወዳጅ ግን ዜኒያ ነው። ብዙ ትናንሽ እጆች ያሉት ይመስላል፤ እጆቹን ቀኑን ሙሉ ይከፍታል ይጨብጣል፣ ይከፍታል ይጨብጣል። ኮራል ሰውነቱ ውስጥ ብርሃን ተመግቦ የሚያበላው አልጌ አለ፤ ዜኒያ እጁን ሲያንቀሳቅስ ዙሪያውን የተጠራቀመውን ኦክስጅን እያስወገደ አልጌው የተሻለ እንዲሠራ እንደሚረዳው በቀይ ባሕር ዘመዱ ላይ የተደረገ ጥናት በ2013 አሳይቷል። ያን የቀይ ባሕር ዘመድ በ1834 ስም ያወጣለት ኤሬንበርግ ነው። ኤሬንበርግ ቀይ ባሕርን የዞረው ከጓደኛው ከሄምፕሪች ጋር ነበር፤ ሄምፕሪች ግን በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። መጽሐፉን የጻፈው የተረፈው ብቻ ነው።

«ከባሕር ነቅሎ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ግፍ አይደለም ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ እህቴ ናት፤ ጥያቄዋ ልክ ነው። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የባሕር ተመራማሪዎች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አውጀዋል፤ ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌውን ይተፋና ነጭ አጥንት ሆኖ ይቀራል። እኔ የምወስደው ከባሕር የመጣውን ሳይሆን ሰዎች ቤታቸው አሳድገው ቆርጠው የሚሰጡትን ቁራጭ ነው። ዓሣም ስገዛ ሰው ቤት የተፈለፈለ መሆኑን እጠይቃለሁ። ሻጩ መልስ ከሌለው አልገዛም። አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፤ ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ሄዳችሁ የባሕር ዳር የኮራል ድንጋይ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቁ ናቸው፤ የሞተውም ቢሆን ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም።

አሁን ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ፤ ምጽዋ። ስለ 1982 ዓ.ም. አያወሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ቡና ጠርቼያቸው የመጡ ቀን መስታወቱ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ዜኒያውን በጣታቸው እያሳዩ «ይሄን አውቀዋለሁ» አሉ። «ዳህላክ አካባቢ መልሕቅ ጥለን ስንጠብቅ፣ ውሃው ጥርት ያለ ቀን ከላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ። እጁን እንዲህ ያደርግ ነበር።» እጃቸውን ከፈት ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ የጨው ባልዲው ላይ የተጻፈውን አነበቡ፤ «ሬድ ሲ» ይላል፣ የድርጅቱ ስም ነው። «እሱንም በባልዲ ይሸጡታል?» ብለው ሳቁ። ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሳምንት አያልፋቸውም፤ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ።

ባለፈው ገና አያቴን ለማየት አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት መሄድ ነበረብኝ። የጎደለውን ውሃ ራሱ የሚሞላ መሣሪያ አለ፤ ግን ተንሳፋፊው ቢጣበቅ ጀሪካኑን ሙሉ በአንድ ሌሊት ያፈሰዋል፤ ጨዉ በአንዴ ይወርዳል፤ ማንም የሚያየው የለም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ለበዓሉ ወላጆቿ ዘንድ ትሄዳለች። መሸጥም አሰብኩ። ጋሼን ስጠይቃቸው ግን ሲጠብቁኝ የነበሩ ነው የመሰለኝ። «መዝገብ አለው?» አሉ። «የለውም ጋሼ።» «ያለ መዝገብማ አይሆንም፣ ልጄ።» ወጥተው ሄደው ከዶላር መሸጫ ሱቅ ባለ መስመር ደብተር ገዝተው መጡ። የጨው መለኪያውን አያያዝ ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው፤ ሦስተኛውን እሳቸው እኔን አሳዩኝ።

ስመለስ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር፣ በእኛ ሰዓት፣ ተነካክቶ የማያውቅ ቀጥ ያለ ጽሑፍ።

«ታኅሣሥ 14። ጠዋት 1 ሰዓት። ሙቀት 25.5። ጨው 1.025። ውሃ ግማሽ ሊትር ተጨምሯል። ሁሉም ደኅና።»

«ታኅሣሥ 17። ጠዋት 1 ሰዓት። ሙቀት 25.4። ጨው 1.025። ውሃ ግማሽ ሊትር። ቢጫዋ ዓሣ አልታየችም። ማታ 12 ሰዓት ታይታለች። ድንጋይ ሥር ነበረች።»

ታኅሣሥ 21 ላይ ግን አንድ ሙሉ ገጽ አለ።

«ሌሊት 8 ሰዓት። መብራት ጠፍቷል። ሕንፃው በሙሉ። ፓምፕ ቆሟል፣ ማሞቂያ ቆሟል። ሙቀት 25.4። ጋቢ አልብሼዋለሁ።

9 ሰዓት። ሙቀት 24.9። በኩባያ እየቀዳሁ ከከፍታ እመልሳለሁ፤ አየር እንዲያገኝ። በየሩብ ሰዓቱ ሃያ ኩባያ።

10 ሰዓት። ሙቀት 24.5። እጅ የሚያደርገው ተጨብጦ ቀርቷል።

11 ሰዓት። ሙቀት 24.1። ውጭ ከዜሮ በታች 24። ሁለተኛ ጋቢ።

12 ሰዓት ከ20። መብራት መጣ። ሙቀት 23.7። ፓምፕ ተነስቷል። ማሞቂያ ሠርቷል። ጋቢው ለአንድ ሰዓት ይቆያል።

ጠዋት 3 ሰዓት። ሙቀት 24.4። እጁን ከፍቷል።»

ፓምፕ ሲቆም ውሃው ቶሎ አየር ያልቅበታል፤ ከብርዱ በፊት የሚገድለው ያ ነው። ውሃን ቀድቶ ከከፍታ መመለስ ትክክለኛው መድኃኒት ነው፤ እኔ ግን አልነገርኳቸውም ነበር። መብራት ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም፤ በዚህ አገር ማን ያስባል? (በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከ20 ዶላር በታች ይገኛል፤ አሁን አለኝ፤ እናንተም ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ።) እንዴት እንደነቁ ስጠይቃቸው ገረማቸው። «ሌሊት 8 ሰዓት እኮ ነው ጋሼ። በእንቅልፍ ላይ ሆነው መብራት መጥፋቱን በምን አወቁ?»

«ፍሪጁ ዝም አለ» አሉ። «መርከበኛ ሞተር ሲጮህ አይነቃም፣ ልጄ። ሞተር ሲቆም ነው የሚነቃው።»

ሰባው ደርሰዋል። ሊፍቱም ቆሞ ስለነበር በጨለማ በደረጃ ወርደው፣ ቆመው፣ ከአራት ሰዓት በላይ በኩባያ ውሃ ሲቀዱ አደሩ ማለት ነው፤ ስልካቸውን አብርተው የሙቀት መለኪያውን እያነበቡ። ይህን ሁሉ ከመዝገቡ ነው ያወቅሁት፤ ስመለስ «እንዴት ሰነበተ?» ብላቸው «ደኅና ነው፣ አንድ ሌሊት ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር» ብቻ ነው ያሉኝ። ጋቢው አሁንም በታችኛው ጫፉ በኩል የደረቀ ጨው ነጭ መስመር አለበት። ላጥበው ብል አልሰጥም አሉ።

ደብተሩንም አልመለሱልኝም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ 3 ሊትር ውሃ ቀይረን አዲስ የተቀላቀለ ጨዋማ ውሃ ስናስገባ ባልዲውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ለዚህ መጠን ይህ ሳምንታዊ ቅያሪ ኮራሉ የጨረሰውን ካልሲየምም ይመልሳል፣ ናይትሬቱንም ይቀንሳል፤ ሌላ ውድ መሣሪያ ገና አላስፈለገኝም።

ዜኒያው አሁን አንዱን ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ወርሶ ወደ ሁለተኛው እየተሻገረ ነው። ሲስማማው እንደ አረም ነው፤ አንዳንድ ሰው የሚጠላውም ለዚህ ነው። በየወሩ እየቆረጥኩ ትናንሽ ድንጋዮች ላይ አጣብቄ አስቀምጣለሁ፤ አሁን አምስት ቁራጮች አሉኝ። ከማኅበራችን አባላት መውሰድ የሚፈልግ ካለ በነጻ ነው፤ ግን ውሃችሁ መጀመሪያ ይቡካ፤ የአሞኒያና የናይትራይት ልኬት ዜሮ መሆኑን ሳትነግሩኝ አልሰጥም። ስትመጡ የምግብ ሙቀት የሚይዝ ቦርሳ ያዙ፤ ከሌላችሁ ፌርማታ ላይ ስትቆሙ ካፖርታችሁ ውስጥ ያዙት፤ በረዶ ላይ አታስቀምጡት። ጠዋት መምጣት የምትችሉ ብትሆኑ ይመረጣል። ማን ስንት እንደወሰደ መዝገቡ ላይ የሚጽፉት ጋሼ ናቸው፤ ከአንድ ወር በኋላም ደውለው ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቋችኋል።